ዋግሹም ጎበዜና የናፒየር መድፎች

ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ገነተ ማርያም ከአንድ ቀላ ያለ ዐለት ተፈልፍላ ቆማለች። በአራቱም ወገን ዐምዶች ከበዋታል፤ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላ ነው። ያሠሯት ከ1263 እስከ 1278 ዓ.ም. ገደማ የነገሡት፣ ዙፋኑን ከዛጉዌ ነገሥታት እጅ የወሰዱት አጤ ይኩኖ አምላክ ናቸው። ከሥዕሎቹ በአንደኛው ንጉሡ ተቀምጠው ይታያሉ። አብረዋቸው የተሣሉትን ሰዎች አጥኚዎች ከሙስሊም አገር የመጡ መልእክተኞች ይሏቸዋል። እኚሁ ንጉሥ በ1266 ዓ.ም. ገደማ ለግብጹ ሡልጣን ለባይባርስ ደብዳቤ ልከው፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲመጣላቸው ለምነዋል። ጳጳስ ያልቀባው ንጉሥ ዙፋኑ እንደማይጸና፣ ጳጳሱም የግብጽ ገዢ ካልፈቀደ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። ይኸው ችግር ከ600 ዓመት በኋላ በሌላ ንጉሥ ላይ ደረሰ፤ ያም ንጉሥ ይኩኖ አምላክ ከዙፋን ካወረዱት ከዛጉዌ ቤት የተወለደ ነበር።

የዛጉዌ ዘር በዚያ ለውጥ አልጠፋም። ዋግ ርስቱ ሆኖ ተተወለት፤ ባላባቱም ዋግሹም እየተባለ ትውልድ ለትውልድ ተቀባበለ። አጤ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው የየአውራጃውን መሳፍንት ሲያንበረክኩ ከተጋፏቸው አንዱ ዋግሹም ገብረ መድኅን ነበሩ። ተይዘው ተሰቀሉ። ልጃቸው ጎበዜ የአባታቸውን ደም ይዘው አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. ገደማም በላስታ ሸፈቱ። በአባታቸው የዛጉዌ ዘር ናቸው፣ በእናታቸው በወይዘሮ አይጨሽ ተድላ በኩል ደግሞ ከጎንደር ነገሥታት ይወለዳሉ። ከሁለቱም ወገን ለዙፋን የሚያበቃ ደም የነበረው ሰው በዚያ ዘመን እንደ እርሳቸው ብዙ አልነበረም።

ጎበዜ ከመሸፈታቸው ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም.፣ አጤ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የወዳጅነት ደብዳቤ ነው፤ ቱርክ አገራቸውን ከባሕር እንደከለለባቸው ይናገራል፣ መልእክተኛ ለመላክ መንገድ ይጠይቃል። ደብዳቤው በ1855 ዓ.ም. የካቲት ወር ለንደን ደረሰ። መልስ ሳይጻፍለት በመዝገብ ቤት ተቀመጠ።

ይህን ብዙዎች የጸሐፊዎች ቸልተኝነት ያደርጉታል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ቸልተኝነቱ ከፖሊሲ የመነጨ ነው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ወደ ህንድ የሚወስደውን መንገድ የምትጠብቀው ከቱርክ ጋር በመወዳጀት ነበር። አሜሪካ እርስ በርሷ ስትዋጋ የጥጥ ገበያ ስለተዘጋ፣ የማንቸስተር ፋብሪካዎች ዓይናቸውን ወደ ግብጽና ወደ ሱዳን ጥጥ አዙረዋል። በቱርክና በግብጽ ላይ ወዳጅ ሁኑኝ የሚል የክርስቲያን ንጉሥ ለዚህ ስሌት ሸክም እንጂ ጥቅም አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ደብዳቤውን ራሱ ይዞ በመሄድ ፈንታ በሱዳን ጠረፍ ዞሮ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ንጉሡ ከጠላቶቼ ጋር ሲዶልት ከረመ ብለው በጥር 1856 ዓ.ም. ገደማ አሰሩት። ያን ጊዜ ለንደን መልስ ጻፈች። መልሱን ያመጣው መልእክተኛ ራሳም ንጉሡን ያገኘው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ እርሱም ከነጓደኞቹ ወደ መቅደላ እስር ወረደ።

እስረኞቹ መቅደላ በተቀመጡባቸው ወራት የቴዎድሮስ ግዛት በየአቅጣጫው ይሸራረፍ ነበር። ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ ሸዋን ይዘዋል። ጎበዜ ላስታንና ዋግን ከያዙ በኋላ ወደ በጌምድር ተሻግረዋል። ትግሬን የያዙት ካሳ ምርጫ መጀመሪያ የጎበዜን የበላይነት ተቀብለው ነበር፤ እህታቸው ድንቅነሽ ምርጫም የጎበዜ ሚስት ናቸው። በ1859 ዓ.ም. ግን ካሳ ለብቻቸው ቆሙ። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ለመላክ በቆረጠ ጊዜ፣ ከባሕሩ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ በሁለት የተቀያየሙ አማቾች እጅ ነበር። ሰሜኑ የካሳ፣ ደቡቡ የጎበዜ።

የጦሩ መሪ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከህንድ የመጣ መሐንዲስ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ዙላ ደረሱ። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን ጭነት የሚጭንና የሚያገለግል ሰው፣ ከቦምቤይ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ በአሸዋው ላይ የተነጠፈ የባቡር ሐዲድ። ወጪው መጨረሻ ላይ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። ከሁሉ ይልቅ የመንገዱን ሰው ያሸነፈው ግን ጠገራ ብሩ ነበር። እንግሊዞች የአገሩ ሰው የሚቀበለው ጠገራ ምን ዓይነት እንደሆነ አጥንተው፣ ከቪዬና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አስመትተው አምጥተዋል። ገብስ፣ ሣር፣ ማር፣ የጭነት በቅሎ፣ ሁሉም በብር ይገዛል። ዘማች ሲያልፍ ጎተራው በሚገለበጥበት አገር፣ ዋጋ ከፍሎ የሚያልፍ ጦር ያስገርም ነበር።

ናፒየር የመጣሁት እስረኞቼን ላስፈታ ብቻ ነው፣ አገራችሁን አልነካም፣ ሥራዬን ስጨርስ እወጣለሁ የሚል አዋጅ ለመሳፍንቱና ለካህናቱ፣ ለሕዝቡም በተነ። አዋጁ እውነት ነበር። እንደተናገረው መጣ፣ እንደተናገረው ሄደ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በመምጣቱና በመሄዱ መካከል ያደረገው ነው። እንዲያ ያለ ጦር ያለ አገሬው ርዳታ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራ አያልፍም፤ ርዳታ ደግሞ ዋጋ አለው። ይህን የመመዘን ሥራ ከያዙት አንዱ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። ምፅዋን የሚያውቅ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር፣ የመሳፍንቱን ጠብ በዝርዝር የያዘ ሰው ነበር። እርሱና ሜጀር ግራንት አድዋ ድረስ ሄደው ካሳን አነጋገሩ። በየካቲት 18 ቀን 1860 ዓ.ም. ካሳ በሺዎች የሚቆጠር ጦራቸውን አሰልፈው ናፒየርን ፊት ለፊት ተገናኙት፤ መንገዱን ለቀቁለት፣ እህልም እንዲሸጥለት ፈቀዱ።

ጎበዜስ? ከእንግሊዞቹ ጋር መልእክት ይላላኩ ነበር። ቴዎድሮስን ከሁሉም በላይ የሚጠሉት እርሳቸው ናቸው፤ የሚወድቁበትን ቀን ከሁሉም በላይ የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን የባዕድ ጦር መንገድ መሪ ሆኖ በቴዎድሮስ ላይ መዝመት ለነገ ንግሥናቸው እንደማይበጅ ያውቁ ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ካንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ ለፈረንጁ መንገዱን ሳይከለክሉ ራሳቸው ከፊቱ ሳይቀርቡ ለማለፍ ፈለጉ።

በመጋቢት ወር ጦሩ ከአሸንጌ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ላስታ ገባ። ከላት ወደ ድልድ፣ ከዚያ የወንዳጅን በር ወጥቶ ወደ ሙጃ። ሙጃ ከገነተ ማርያም በስተምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ ናት፤ ዛሬ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ነች። በዚያ ደጋ የመጋቢት ሌሊት ምን እንደሚመስል ላስታ ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ የቦምቤይና የፑንጃብ ወታደሮች ድንኳናቸውን ኋላ ትተው፣ ዝናብና ውርጭ እየተፈራረቀባቸው አደሩ። ናፒየር ጭነቱን ከዚህ በኋላ በእጅጉ እንዲቀነስ አዝዞ ነበርና መኮንኑም ተራ ወታደሩም እኩል ተቸገረ። ዝሆኖቹ ግን መድፍ ተጭነው በገደሉ ጠርዝ ተከተሉ። የላስታ ገበሬ በዕድሜው ዝሆን አይቶ አያውቅም፤ ዝሆን ለሰው ተገዝቶ ሸክም ሲሸከም ማየት ደግሞ ስለ መጣው መንግሥት ኃይል ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ይናገር ነበር።

ጦሩ ከተከዜ ምንጮች አቅራቢያ ወንዙን ተሻግሮ ሳንታራ ላይ ሲሰፍር፣ የጎበዜ አጎት ደጃዝማች መሸሻ መጥተው ከናፒየር ጋር ተገናኙ። ጎበዜ ራሳቸው አልመጡም። በእኔ ግምት የላስታ ዕጣ በከፊል የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። የናፒየር ጦር የተመላለሰው በጎበዜ አገር ነው፤ ገብስ የሸጠው፣ በጎተራው ላይ ሰላም ያሰፈነው የጎበዜ ሕዝብ ነው። ናፒየር ግን እጁን የጨበጠው ከካሳ ጋር ነበር።

ከሳንታራ ጦሩ ወደ ዋድላ አምባ ወጣ። ቤተ ሖር ላይ ሲደርሱ ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው፤ በጅጣ ገደል ላይ ተቆፍሮ፣ ዐለቱ ተፈልጦ የተሠራ ሰፊ መንገድ። አጤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የሚባለውን 7 ቶን የሚመዝን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማውጣት፣ ከወታደሮቻቸው ጋር ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ለወራት የሠሩት ነው። መሐንዲሱ ናፒየር ዝሆኖቹንና መድፎቹን ያወረደው ጠላቱ በጠረገለት መንገድ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን የታሪክ ገጽ ሳያዝን የሚያነብ ያለ አይመስለኝም።

የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል። በስቅለት ዓርብ አሮጌ ሜዳ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል የቴዎድሮስ ወታደሮች አለቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ እጃቸውን አልሰጡም፣ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት፣ ብራናዎቹ፣ ጽዋውና ዘውዱ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አብሮ ተወሰደ።

እስረኞቹ ተፈተዋልና የናፒየር ሥራ አልቋል። መቅደላን ግን ለማን ይተው? ለጎበዜ ወገን አቀረበ፤ አልተቀበሉም። ወታደር የሚፈጅ፣ ጠባቂውን ከወሎ ባላባቶች ጋር የሚያጣላ አምባ መሆኑን ስለሚያውቁ ይሆናል። ናፒየርም በእሳት አጋየው፤ ጦሩ በመጣበት በላስታ መንገድ ተመልሶ ወደ ባሕሩ አቀና። ከጦሩ ጋር የመጣው ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ በመመለሻው ላሊበላ ጎራ ብሎ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ለአውሮፓ አንባቢ ጽፏቸዋል።

በግንቦት 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ሰንዓፌ ላይ ናፒየር ለካሳ ምርጫ ውለታ መለሰ። ስድስት ሞርታር፣ ስድስት ሐውትዘር፣ 850 ያህል ጠመንጃና ጥይት፣ ባሩድም። ለእንግሊዝ ጦር ይህ መልሶ ወደ መርከብ ከመጫን የሚገላግል ዕቃ ነበር። ለኢትዮጵያ ግን የዙፋን ዋጋ ነው። ለንደን ውስጥ አንድም ሚኒስትር ማን የኢትዮጵያ ንጉሥ ይሁን ብሎ የተወያየበት ጉባኤ አልነበረም። ማንም ይሁን ብለው ሄዱ፤ ማን እንደሚሆን የወሰኑት ግን እነርሱ ነበሩ። ሐሳብ ሳይደረግበት የሚሰጥ መሣሪያ በሐሳብ ከሚሰጠው ይልቅ ሰው ሊፈጅ እንደሚችል እኛ ካየነው ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ አጤ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የዛጉዌ ልጅ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ላስታ የሆነላት መሰላት። በጌምድር፣ ጎንደር፣ ጎጃም ገበሩላቸው፤ ጎጃምን ለአዳል ተሰማ ሰጥተው እህታቸውን ላቀች ገብረ መድኅንን ዳሩላቸው። ጦራቸው ከማንም ይበዛል። የጎደላቸው ሁለት ነገር ነው፣ ጳጳስና መድፍ። አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእስር ሞተዋልና ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ወደ እስክንድርያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በምፅዋ ነው፤ ምፅዋን የሚያዋስኑት ካሳ ናቸው። ካሳ 20 ሺህ ጠገራ ብር ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ይኩኖ አምላክ ለባይባርስ የጻፉለትን ጉዳይ ከላስታ የመጣው ንጉሥ ሊፈታው አልቻለም፤ ባሕር የሌለው ንጉሥ ጳጳስም መሣሪያም የሚያገኘው በጎረቤቱ ፈቃድ ነው።

ካሳ መድፎቹን አስቀምጠው አልተቀመጡም። ጆን ኪርከም የሚባል፣ ቻይና ከጎርደን ጋር የተዋጋ እንግሊዛዊ፣ ናፒየር ሲሄድ በአገሩ ቀርቶ ወታደሮቻቸውን በሰልፍና በተኩስ አሠለጠነላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠለጠኑ። ተክለ ጊዮርጊስ ይህን እየሰሙ የዘገዩት ለምንድን ነው? ጎጃምንና ወሎን ማርጋት ነበረባቸው፤ የጦራቸውም ብዛት ሳያዘናጋቸው አልቀረም።

በ1863 ዓ.ም. ተከዜን ተሻገሩ። መጻሕፍቱ እንደሚሉት የእርሳቸው ጦር 60 ሺህ፣ የካሳ 12 ሺህ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ግጥሚያ ተደርጎ ነበር፤ የቁርጡ ቀን ግን በሐምሌ መጀመሪያ፣ አድዋ አጠገብ በአሰም ወንዝ ላይ ሆነ። የላስታና የበጌምድር ፈረሰኛ በለመደው ስልት ጋልቦ ገባ። የተሰለፈ ጠመንጃና የተጠመደ መድፍ ጠበቀው። ንጉሡ ፈረሳቸው ተመቶባቸው፣ ራሳቸውም ቆስለው ተያዙ። አማቻቸው ካሳ ዓይናቸውን አስወጧቸው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእስር ሞቱ። ከአድዋ ወደ ላስታ የተመለሰው ሰው የቀረውን ሰው ስም ለየቤቱ እያረዳ ነው የገባው። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው አጤ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

ታላቅ ንጉሥ ነበሩ፤ ይህን ለመናገር ላስታዊ መሆን አይከለክልም። ወዳጅ ያሏት እንግሊዝ ግን ብድር አላወቀችላቸውም። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጻፉ፤ መጽሐፉ ተመለሰ። በዚያው ዘመን ግብጽ ቦጎስን ወረረች፣ እርሱም የተመራው በዚያው በሙንዚንገር ነው። የናፒየር መንገድ መሪ የነበረው ሰው አሁን የግብጹ ገዢ የኬዲቩ የምፅዋ ሹም ሆኗል። ዮሐንስ ለንደን አቤት አሉ፤ የሚያስጥላቸው መልስ አላገኙም። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብጽን ጦር ራሳቸው ሰበሩት።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚያም ይከፋል። ማህዲስቶች ሱዳንን ሲይዙ የግብጽ ወታደሮች በከሰላና በአካባቢው ተከበቡ፤ እንግሊዝም ያን ጊዜ ኢትዮጵያን አስታወሰች። አድሚራል ሂዌት በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ውል ተፈራረመ። ዮሐንስ የተከበቡትን ሊያስወጡ፣ በምትኩ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ በምፅዋም ዕቃና መሣሪያ ያለ ቀረጥ ሊያልፍላቸው። የጦር አዛዣቸው ራስ አሉላ ኩፊት ድረስ ሄደው ደም አፍስሰው ውሉን ፈጸሙ። ውሉ ከተፈረመ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምፅዋን ያዘ። ፈረንሳይን በቀይ ባሕር ለመግታት ጣልያን ይሻል ነበርና። የማህዲስቶቹ ጠላትነት ደግሞ ለዮሐንስ ቀረላቸው።

አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ለንደን ጄራልድ ፖርታል የሚባል ወጣት ዲፕሎማት ላከች። በ1880 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ገደማ ንጉሡን ያገኛቸው በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ከ20 ዓመት በፊት የናፒየር ጦር ወደ ላስታ ባለፈበት ዳር። ጥያቄው ለጣልያን ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ መሬትም እንዲለቁለት ነበር። ዮሐንስ በሂዌት ውል የተሰጣቸውን አገር እንግሊዝ ራሷ መልሳ ልቀቁ ስትል መስማት እንዳስገረማቸው ገለጹለት፤ ፖርታል ባዶ እጁን ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ከምፅዋ ወገን የከብት በሽታ ተነሣ። ለጣልያን ጦር ቀለብ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። በሽታው ትግሬን፣ ላስታን፣ ወሎን እያለ ሸዋ ደረሰ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ቆፈረ፤ ዝናቡም ቀረ፤ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የጠራው ዘመን ገባ። አጤ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ፣ ለእንግሊዝ ውል ሲሉ በገቡበት ጠብ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጣልያን በዚያው ዓመት ሐምሌ አስመራን ሲይዝ፣ ከላስታም ሆነ ከትግሬ ተነሥቶ የሚገጥመው ጦር እምብዛም አልነበረም፤ ለዘመቻ የሚበቃ ስንቅ በአንድም ጎተራ አልቀረም ነበር።